ኪሊማንጃሮ፦ ለአዲስ አበባ ሰው 5 ቀን ይበቃዋል?

በዚህ መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ክሩ እየረዘመ ስለሄደ ዘግይቶ የሚገባ ሰው ማን ለማን እንደመለሰ ለመለየት እየተቸገረ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄዬን ደግሜ ልጻፈውና ከሥሩ የተሰጡትን መልሶች በተራ ቁጥራቸው ልተርካቸው።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። በመጪው ክረምት ከታናሽ ወንድሜና ከአክስቴ ልጅ ጋር ታንዛንያ ሄደን ኪሊማንጃሮን ለመውጣት አስበናል። እኔ አዲስ አበባ፣ ወንድሜ ቨርጂኒያ፣ የአክስቴ ልጅ ሐይፋ ነው የምንኖረው። ሦስታችን በአንድ ላይ ከተያየን 9 ዓመት ሆኖናል፤ ያን ጊዜም ያገናኘን የእናቴ ለቅሶ ነበር። ቀጣዩ መገናኛችንም ድንኳን መሆኑ ካልቀረ የተራራ ድንኳን ይሁን ብለን ነው የተነሳነው። አስጎብኚ ድርጅቶችን ዋጋ ስጠይቅ በማራንጉ መንገድ የ5 እና የ6 ቀን፣ በሌሎቹ መንገዶች ደግሞ የ7 እና የ8 ቀን አማራጭ አቀረቡልኝ። እኔም አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ እዚያ ተወልዶ ላደገ ሰው ከፍታውን ለመልመድ 5 ቀን ይበቃዋል፣ ወንድሜም እስከዚያ ጂም እየሠራ ይዘጋጅ የሚል ሐሳብ ይዤ ትክክል መሆኔን ጠየቅኩ። አሁን መልሼ ሳነበው ጥያቄ ከመጠየቅ ይልቅ የወሰንኩትን ለማስጸደቅ የጻፍኩት ይመስለኛል።

1ኛው መልስ ሰጪ መልካም ጉዞ ተመኝቶ የመረጥነው ወቅት ጥሩ መሆኑን ነገረን። አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ስትጠመቅ ኪሊማንጃሮ ደረቅ ወቅቱ ላይ ነው። 2ኛው ይህን አሟልቶ፣ እዚያ ከባዱ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ቀለል ያለው ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ እንደሚጥል፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት እንዲሁም ጥርና የካቲት ለመውጣት እንደሚመረጡ ጻፈ።

3ኛው ከአራት ጓደኞቹ ጋር ከአዲስ አበባ ሄዶ በማራንጉ በ5 ቀን ወጥቶ የወረደ ሰው ነው። አምስቱም 5895 ሜትር ላይ ያለውን የተራራውን ጫፍ፣ ኡሁሩን፣ መርገጣቸውን፣ ከራስ ምታት በቀር ምንም እንዳልደረሰባቸው ተረከ። ተጨማሪ ቀን ማለት ለድርጅቶቹ ተጨማሪ ገንዘብ እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም የሚል እምነት አለው። 4ኛው ይህንኑ ደግፎ እኛ የደጋ ልጆች ከፍታው በደማችን ውስጥ ስላለ የፈረንጅ መመሪያ እንደማይመለከተን አከለ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ምሽት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለ5 ቀኑ ጉዞ ቀብድ ለመላክም ወንድሜን ላስቸግረው ምንም አልቀረኝም።

5ኛው መልስ የመጣው በማግስቱ ነው። ጸሐፊዋ ነርስ ናት፤ ተራራውንም ሁለት ጊዜ ወጥታለች። ማንንም ሳትነቅፍ የሚታደርባቸውን ቦታዎች ከፍታ ብቻ ደረደረች። በማራንጉ የመጀመሪያው ሌሊት ማንዳራ 2720 ሜትር፣ ሁለተኛው ሆሮምቦ 3720 ሜትር፣ ሦስተኛው ኪቦ 4720 ሜትር ላይ ነው፤ በዚያው ሌሊት 6 ሰዓት ገደማ ተነስቶ ወደ ጫፉ ጉዞ ይጀመራል። ሐኪሞች ግን ከ3000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር ብዙ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። በ5 ቀኑ ጉዞ ሰውነት ይህን በእጥፍ እንዲችል ይጠየቃል ማለት ነው። ማንዳራ ከእንጦጦ አናት እንኳ ዝቅ ስለሚል የአዲስ አበባ ሰው በመጀመሪያው ሌሊት ከሌላው የተሻለ እንደሚተኛ አልካደችም። ይሁንና ኪቦ ሲደርስ ያ ጥቅም ብቻውን አይበቃውም አለች። ጉልበትና የጂም ዝግጅት ከፍታን ለመልመድ አይረዱም፤ እንዲያውም ጠንካራ ወጣት ፈጥኖ ስለሚወጣ ፈጥኖ የሚታመምበት ጊዜ አለ።

6ኛው መልስ ሰጪ 4ኛውን በጨዋነት አረመው። ስለ ደጋ ሰው ደም የሚወራው ነገር መሠረት አለው፤ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በስሜን አምባራስ፣ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የደማቸው ሄሞግሎቢንና የኦክስጅን መጠን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚኖር ሰው ጋር እንደሚመሳሰል አሳይቷል። የተጠኑት ግን በዚያ ከፍታ የሚያርሱና የሚያጭዱ ገበሬዎች ናቸው። ቦሌ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የሚውል ሰው ያንን ውጤት የራሴ ነው ሊል አይችልም።

7ኛው መልስ እንደገና የ3ኛው ሰው ነበር፤ በዚህ ጊዜ ድምፁ ከረረ። እሱ በእግሩ የሄደበትን ነገር ከወረቀት ያነበቡ ሰዎች እንደሚያስተምሩት ቆጥሮ፣ ፈሪ ሰው ቤቱ ቢቀመጥ ይሻላል እስከ ማለት ደረሰ። ነርሷ ሁለት ጊዜ መውጣቷን ልብ ያላለ ይመስለኛል። የእሱን ጉዞ ማንም አልካደም፤ አምስት ሰው ደህና መውጣቱ ግን ስድስተኛው ደህና ይወጣል ማለት አይደለም።

ክሩን ያዞረው 8ኛው መልስ ነው። ጸሐፊዋ ዱባይ ትኖራለች፤ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር በዚያው በ5 ቀኑ መንገድ ሄዳ ነበር። ኪቦ በደረሱበት ማታ ባልደረባዋ ሾርባውን መለሰችው፤ እንቅልፍም አልወሰዳትም። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ሲቀሰቀሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ለማሰር ሞከረች። ክሩን ጣቷ ላይ ትጠመጥመዋለች፣ ትፈታዋለች፣ መልሳ ትጠመጥመዋለች። ብርድ ያደነዘዛት መስሏት ጸሐፊዋ ጓንት አቀበለቻት፤ ሁለቱንም ጓንት አንድ እጇ ላይ ልታጠልቅ ሞከረች። አስጎብኚው ይህን ሲያይ ምንም ሳይናገር አስነስቷት የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት እያስቀመጠች ወለሉ ላይ በቀጥታ መስመር እንድትሄድ አደረጋት፤ በሦስተኛው እርምጃ ወደ ግድግዳው ወደቀች። ቦርሳዋን ተቀብሎ ከረዳቱ ጋር በዚያው ጨለማ ወደ ሆሮምቦ አወረዳት፤ ሲነጋ ሻይ ጠጥታ፣ ስሟንም ቀኑንም በትክክል እየተናገረች አገኟት። ጸሐፊዋም ጫፉን ሳታይ ተመለሰች፤ ስለዚያ ግን ቅሬታ የላትም። ቅሬታዋ በድርጅቱ ላይ ነው፤ 5 ቀን ለዱባይ ሰው ይበቃል ወይ ብለው ሲጠይቁት ይበቃል ብሎ መልሶላቸው ነበር።

ከዚህ በኋላ 3ኛው ሰው ለረጅም ጊዜ አልጻፈም።

9ኛው መድኃኒት መውሰድ ይህን ሁሉ አያስቀርም ወይ ብሎ ጠየቀ። ነርሷ በ10ኛው መለሰች። ዳያሞክስ ሰውነት ከፍታውን ቶሎ እንዲለምድ ይረዳል፤ ለመከላከያ የተለመደው መጠን 125 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ ሽንት ያበዛል፣ ጣትንም ይነዝራል። የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው ወይም ሌላ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር እንዳይነካው አጥብቃ ጻፈች። መድኃኒቱ ያጠሩ ቀናትን አይተካም። እየባሰ የሚሄድ የራስ ምታት፣ መንገዳገድ፣ የሐሳብ መቃወስ፣ ተቀምጠው እያረፉ የማይለቅ የትንፋሽ እጥረት ከታየ ዋናው መፍትሔ ወዲያውኑ መውረድ ነው።

11ኛው መልስ የወንድሜ ነው። ክሩን እንደሚያነብ አላወቅኩም ነበር። እንደ ልማዱ እትዬ ብሎ ጀምሮ፣ የሁላችንን ጉዞ በአዲስ አበባ ሳንባ መለካቴ እንዳሳዘነው፣ እሱና የአክስታችን ልጅ ከባሕር ጠረፍ እንደሚነሱ፣ ዋጋውን በዋናነት የሚከፍለው እሱ ሆኖ ሳለ ገንዘብ ለመቆጠብ ብዬ ቀን መቀነሴ እንዳልገባው ጻፈ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። ቡድን የሚታቀደው ከፍታው በሚከብደው ሰው ልክ እንደሆነ ለመማር የራሴ ወንድም በማያውቃቸው ሰዎች ፊት እስኪጽፍልኝ መጠበቅ አልነበረብኝም።

12ኛው ሰው ሌሎቹን መንገዶች በዝርዝር አስረዳን። በማቻሜ የ7 ቀን ጉዞ በሦስተኛው ቀን ወደ 4600 ሜትር ወደሚጠጋው ላቫ ታወር ይወጣና በዚያው ቀን ወርዶ ከ4000 ሜትር በታች ባለው ባራንኮ ይታደራል፤ ሰውነት ከፍታውን ቀምሶ ዝቅ ባለ ቦታ ሲተኛ ይለምዳል። ከዚያ ካራንጋ አንድ ሌሊት ታድሮ ወደ ባራፉ ይወጣል። ሌሞሾ ከምዕራብ ተነስቶ ሺራ አምባን ስለሚያቋርጥ 8 ቀን ቢሆንለት ይመረጣል። ሮንጋይ ከሰሜን፣ ከኬንያ ድንበር አጠገብ የሚነሳና ዝናብ የሚያንሰው መንገድ ነው። ማራንጉን የሚወድ ሰው ደግሞ ቢያንስ 6 ቀን አድርጎ ሆሮምቦ ሁለት ሌሊት ይደር። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ያለ አስጎብኚ መውጣት ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው።

13ኛው ይህ ሁሉ ለሀብታም የሚመከር ነው ብሎ ተቃወመ። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች እኛም እንደ ማንኛውም የውጭ አገር ሰው እንደምንከፍል አስታውሶ፣ እሱ በ1250 ዶላር 7 ቀን የሚወስድ ድርጅት ማግኘቱን ነገረን።

14ኛው መልስ ሒሳብ ነበር፤ ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። ጸሐፊው እኛም በደረሱን የዋጋ ዝርዝሮች ላይ ካሉት የፓርክ ክፍያዎች ተነሳ። ለተፈጥሮ ጥበቃ በቀን 70 ዶላር፣ ለካምፕ በሌሊት 50 ዶላር፣ ለነፍስ አድን አንድ ጊዜ 20 ዶላር ነው። 7 ቀንና 6 ሌሊት ሲሰላ 810 ዶላር ይመጣል፤ 18 በመቶ ግብር ሲጨመርበት 956 ዶላር ገደማ ይሆናል። ይህ ገንዘብ ድርጅቱ ጋ የሚቀር አይደለም። ከ1250 ዶላሩ የሚተርፈው 294 ዶላር ነው፤ ለ7 ቀን ሲካፈል በቀን 42 ዶላር። ከዚህ ላይ መኪና፣ የሦስት ጊዜ ምግብ፣ ጋዝ፣ ድንኳን፣ የአስጎብኚ፣ የወጥ ቤት ሠራተኛና ለአንድ ተጓዥ የሚመደቡት ሦስት ወይም አራት ተሸካሚዎች ደመወዝ፣ የባለቤቱም ትርፍ ይወጣል። ስለዚህ ርካሹ ዋጋ ከማን ጉሮሮ እንደተነጠቀ መጠየቅ አያስፈልግም፤ መንግሥት ድርሻውን አይቀንስም፣ ነጋዴው ከኪሱ አይጨምርም፣ የሚቀረው ተሸካሚው ብቻ ነው።

15ኛው ሰው ተሸካሚዎቹ የተራራው ልጆች ስለሆኑ የለመዱት ሥራ ነው፣ ባንሄድም ሥራ ያጣሉ ብሎ ጻፈ።

16ኛው መልስ የጻፉት ደባርቅ ተወልደው ያደጉ፣ ለብዙ ዓመታት በስሜን ተራሮች እንግዳ የመሩ አባት ናቸው። በአክብሮት ጀመሩ፤ አክብሮቱ ግን እስከ መጨረሻው አልዘለቀም። በስሜን የእንግዳን ጓዝ የሚሸከመው በቅሎ ነው። ባለ በቅሎው ማለዳ ጭነቱን በሁለት ወገን ያመዛዝናል፣ ከሥሩ ደላድል ያደርጋል፣ ማታ ሲያራግፍ ጀርባዋን በመዳፉ እየዳሰሰ የተላጠ ቦታ ይፈልጋል፤ ካገኘ በማግስቱ አይጭናትም፣ እንግዳው ቢቆጣም። ኪሊማንጃሮ በቅሎ ስለሌለ ያንን ጭነት ሰው በራሱና በትከሻው ይሸከማል። አባታችን ለእንስሳ የምናደርገውን ጥንቃቄ ለሰው ለምን እንደምንነፍግ 15ኛውን ጠየቁት። ብርድና የከፍታ ሕመም ተሸካሚውንም እንደሚገድለው፣ መልመድ የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ አማራጭ ማጣት እንደሆነ ጻፉ። ሁለት ጊዜ ሄደው ያዩት ነገርም አለ። በማቻሜ በር ተሸካሚዎች ተሰልፈው ጓዛቸው በሚዛን ይመዘናል፤ የተፈቀደው 20 ኪሎ ነው። ከሰልፉ ውስጥ አንድ ልጅ የጫማው ሶል ተላቆ በሲባጎ አስሮት ቆሞ ነበር። እኛ ጋ በቅሎ እንኳ ሰኮናዋ ከተሰነጠቀ መንገድ አትወጣም ብለው አበቁ።

15ኛው በ17ኛው ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ይቅርታው አጭርና የምር ነበር። ለማካካስም ይመስላል፣ ሞሺ ከተማ ውስጥ የኪሊማንጃሮ ተሸካሚዎች ድጋፍ ፕሮጀክት የሚባል ድርጅት መኖሩን፣ ለተሸካሚዎች ከብርድ የሚከላከል ልብስ በነጻ እንደሚያውስና አባል የሆኑ አስጎብኚ ድርጅቶች ለተሸካሚዎች የሚከፍሉትን ደመወዝና አያያዛቸውን እንደሚከታተል አጣርቶ ጻፈልን።

18ኛው ገንዘቡን ለታንዛንያ ከምትሰጡ ራስ ዳሸን ውጡ አለ። የደባርቁ አባት ይህን መልስ በደስታ የሚቀበሉት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር፣ በጌችና በጨነቅ አድርጎ 4550 ሜትር እስከሚደርሰው ራስ ዳሸን የሚኬደው መንገድ ለዓይን ከኪሊማንጃሮ የበለጠ እንደሆነ፣ ጭላዳው መንጋውን ይዞ ሣር ሲነጭ፣ ዋሊያው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ እንደሚታይ ከጻፉ በኋላ፣ አገሩ ሰላም ውሎ ማደሩን ሳያረጋግጡ ቤተሰብ ይዛችሁ ኑ ለማለት አፋቸው እንደማይደፍር ተናገሩ። ቀኑ ሲመጣ በቅሎዎቹን እኔ እመርጥላችኋለሁ አሉ። ይህን መስመር ያነበበ ሁሉ ዝም ያለ ይመስላል፤ ለሁለት ቀን የጻፈ ሰው አልነበረም።

ዝምታውን የሰበረው 19ኛው የሰሎሞን ልጅ ምኒልክ ቀለበቱን ይዞ ኪሊማንጃሮ ላይ አርፏል የሚለውን አፈ ታሪክ ከአስጎብኚዎች መስማቱን አወጋን። ደስ የሚል ወግ ነው፤ ለዕቅዳችን ግን የሚጨምረው ነገር ስለሌለ አልፌዋለሁ።

20ኛዋ ያነሳችው ማናችንም ያላሰብነውን ነው። መጀመሪያ የያዝነው ቀን በነሐሴ የመጀመሪያ ሳምንት ስለነበር ከፍልሰታ ጾም ጋር ይገጥማል። ከቅባትና ከሥጋ መከልከሉ ችግር እንደማይሆን፣ ለድርጅቱ አስቀድሞ ከተነገረው ወጥ ቤቱ ሩዝ፣ ባቄላ፣ አትክልትና ገንፎ እንደሚሠራ፣ ነገር ግን እስከ ቅዳሴ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምሱ በዚያ ከፍታ መራመድ ለሕይወት አደገኛ መሆኑን ጻፈች። 21ኛው ጾምን ለተራራ ብሎ መፍታት እንዴት ይታሰባል ብሎ ሊቆጣት ሞከረ። እሷም እንደዚህ ያለውን ነገር የንስሐ አባት እንጂ መድረክ እንደማይፈርደው፣ ይልቅስ ቀኑን ማዛወር እንደሚሻል መለሰችለት፤ ይህ 22ኛው መሆኑ ነው። በዚያው መልሷ ለጫፉ ሌሊት በሶ በማር ለውሳ፣ ቆሎም በኪሷ ይዛ መሄዷን፣ የገዛችው ቸኮሌት እንደ ድንጋይ ደርቆ ጥርስ ሲያስቸግራት በሶዋ ግን ሳይደርቅ መብላቷን ነገረችን። ውኃ በቱቦ ከመጠጣት ይልቅ ጠርሙሱን ገልብጦ በካልሲ ጠቅልሎ መያዝ እንደሚሻልም የጻፈችው እሷ ናት፤ ውኃ መርጋት የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ ተገልብጦ ሲቀመጥ የክዳኑ በኩል ሳይረጋ ይቆያል።

23ኛው ስለ ወረቀት ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ታንዛንያ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ወንድሜም አዲስ አበባ ሰንብቶ ከሄደ ያስፈልገዋል። የፕላስቲክ ከረጢት ታንዛንያ ውስጥ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ስለሆነ ልብስ በፌስታል ጠቅልሎ መሄድ አይቻልም።

አሁን ያለንበትን ልጻፍ። የማራንጉን የ5 ቀን ሐሳብ ትተነዋል፤ ሌሞሾን በ8 ቀን እንሄዳለን። ከፍልሰታ በፊት ወርደን እንድንጨርስ መነሻችን ሐምሌ አጋማሽ ሆኗል። ወንድሜና የአክስቴ ልጅ ከዚያ በፊት አዲስ አበባ እኔ ዘንድ 8 ሌሊት ያድራሉ፤ ጠዋት ጠዋት እንጦጦ እንወጣለን፣ የእናቴንም መቃብር እንጎበኛለን። ለሦስት ድርጅቶች አንድ ዓይነት ሦስት ጥያቄ በጽሑፍ ልኬያለሁ፤ ተሸካሚው በቀን ስንት ይከፈለዋል፣ የት ይተኛል፣ በቀን ስንት ጊዜ ይበላል? ሁለቱ በማግስቱ ቁጥር ጽፈው መለሱ። ሦስተኛው፣ ዋጋው ከሁሉም ርካሽ የሆነው፣ ይህን ማወቅ ለምን እንዳስፈለገኝ ጠየቀኝ። የወንድሜ ቀብድ ትናንት ከሁለቱ ለአንዱ ተልኳል።